ስሙ ጆንያው ላይ ነው

ጠጋ በሉ፤ ይህን ዲላ ውስጥ ጮክ ብዬ አላወራውም።

እኔ የሚዛን ጸሐፊ ነበርኩ። ጌዴኦ ዞን፣ ገደብ ወረዳ ውስጥ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ አራት የቡና ወቅት ሠርቻለሁ። የማጠቢያውን ስም አልጠራም፤ ባለቤቱን ዛሬም መንገድ ላይ ሰላም እለዋለሁ። ሥራዬ ከባድ አልነበረም። ገበሬው እሸት ቡናውን ያፈሳል፣ ሚዛን ያዡ ይጮኻል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ኪሎ። ስሙም ኪሎውም ቅሬታ ያስነሳሉ። ቀበሌ የሚለው ዓምድ ግን ማንንም አስቆጥቶ አያውቅም። ጉዱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ገደብ ውስጥ ጎቲቲ የሚባል ቦታ አለ። ከይርጋጨፌ ወደ ደቡብ ሲዘለቅ፣ የጌዴኦ ምድር ከምዕራብ ጉጂ ጋር ወደሚዋሰንበት ነው። በወረቀት ገጠር ቀበሌ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት የለውም። መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት ተደርድሮ ታያላችሁ፤ ሱቅ አለ፣ ሻይ ቤት አለ፣ ከየቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። አላፊ አግዳሚው ከተማ ሊለው ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ቤት የሠራ ሰው ግን «ካርታ አለህ?» ሲባል ይስቃል። ካርታ የከተማ ነው። ባንክ ሄዶ ቤቴን አስይዤ ልበደር ቢል የሚሰማው ማግኘት ይከብደዋል።

ይኸው ቦታ በሌላው ዓለም ዝነኛ ነው። ቡና ቆልተው የሚሸጡ ፈረንጆች «ባንኮ ጎቲቲ» ብለው ፓኬት ላይ ያትማሉ። አጠገቡ ያለው ወርቃም እንደዚያው ነው፤ ይርጋጨፌ አካባቢ ያሉት ኮንጋና አሪቻም። ስሙ እንዴት ወጣ ትሉኛላችሁ። ከአቀማመጡና ከዝናቡ ሌላ አንድ የወረቀት ነገር አለ። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ምርት ገበያ ሲገባ፣ የነጋዴው ቡና መጋዘን ደረሰ ማለት ስሙን ጣለ ማለት ነበር። ናሙናው ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ «ይርጋጨፌ» ከነቁጥሩ ብቻ ይሆናል፤ ከየትኛው መንደር እንደመጣ ወረቀቱ አይናገርም ነበር። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየንና መሰሎቹ ግን በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ ተፈቅዶላቸው ስለነበር፣ በሥራቸው ያሉት የመሠረታዊ ማኅበራት ስም ተረፈ። ጎቲቲም እ.ኤ.አ. በ2012 ከወርቃ ማኅበር ተለይቶ የራሱን ማኅበር አቆመ። ማዘጋጃ ቤት ያልሰጠውን ስም ሚዛን ሰጠው ማለት ነው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደንቡ ሲላላ ነጋዴውም መንደር ፍለጋ ወጣ። ያኔ ነው የእኔ ዓምድ ዋጋ ያወጣው።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልመልሳችሁ። ኅዳር ነው እንበል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ጄኔሬተሩ ይንጓጓል፣ አንዲት አምፖል ከሚዛኑ በላይ ትወዛወዛለች። እሸቱ በብርሃኑ ሥር ከቀይም ቀይ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ቀን የተለቀመ ስለሆነ ሲነኩት ይሞቃል፣ ሽታው ሊብላላ የደረሰ ጠላ ይመስላል። አንዲት እናት ጀርባዋ ላይ የተሸከመችውን ታወርዳለች፤ አሥራ ሰባት ኪሎ። ቀበሌ ስላት የሌላ ቀበሌ ስም ትጠራለች፤ ወንዝ ተሻግራ ነው የመጣችው። እዚያ ማዶ ያለው ማጠቢያ ዛሬ የኪሎውን ዋጋ ዝቅ አድርጓል፣ እኛ ከፍ አድርገናል። አለቃዬ በክርኑ ይነካኛል። እኔም የእኛን ቀበሌ እጽፋለሁ።

ይኸው ነው ምስጢሩ። ቡናው ክፉ አይደለም፤ ማዶ ያሉትም ያው ኩሩሜ፣ ያው ወሊሾ፣ ያው ደጋ የሚባሉት የቡና ዝርያዎች ናቸው። ግን በባሕር ማዶ አንድ ሰው ፓኬቱን አሽትቶ «የዚህ መንደር አፈር ነው» ሲል፣ ያሸተተው ከእናቲቱ ጓሮ ይልቅ የእኔን እስክሪብቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው አልልም፤ እኔ በነበርኩበት ግን ነበር።

ከመንደሩ ስም ጋር የተያያዘ ሌላም ትዝታ አለኝ፤ ይኼኛው አያስቅም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወሰን ላይ በተነሳው ግጭት ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። በመጋቢት 2011 የተራቡ የተፈናቃይ ሕፃናት ፎቶ ሲወጣ ከሥሩ የተጻፈው ጎቲቲ የሚል ነበር። ያኔ በዚያው ስም የታተመው ቡና በየአገሩ መደርደሪያ ላይ ነበር። አንድ ስም ነው፤ ሁለቱን የሚያነብቡ ሰዎች ግን አንድ መሆኑን ያወቁ አይመስለኝም።

ማዘጋጃ የለም ስላችሁ ግን አስተዳዳሪ የለም ማለቴ አይደለም። ሶንጎ አለ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ የወሰን ጠብ፣ የውርስ ነገር፣ ያለ ወጉ የተቆረጠ ዛፍ ሁሉ እዚያ ይዳኛል። ባሌ የሚሉት የትውልድ ሥርዓት ደግሞ አባ ገዳውን ያወጣል። በማጠቢያው ውሃ ምክንያት ከጎረቤት ስንጣላ እንኳ ቀድሞ የደረሰው ከወረዳ የመጣ ሰው ሳይሆን የሶንጎ መልእክተኛ ነበር። በመስከረም 2016 ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እንሰቱም፣ ቡናውም፣ በእነ ቱቱ ፈላ ያሉት ትክል ድንጋዮችም አብረው ገቡ። ከእንሰቱ ፊት ለፊት ያለው ቆርቆሮ ቤት ግን እስካሁን ካርታ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎቲቲ የሚል የተጻፈበት ጆንያ ጎቲቲ አይደርስም። ቡናው ከማድረቂያ አልጋ የሚወርደው ከነገለፈቱ ነው፤ ምንም ባልተጻፈበት ጆንያ ይጫናል። ተፈልፍሎ፣ ተለቅሞ፣ ስም ተጽፎበት ለመርከብ የሚዘጋጀው በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ቡናውን የተከለው ሰው የመንደሩን ስም ጆንያ ላይ ተጽፎ አያየውም።

በመጨረሻው ወቅቴ ለአንድ አዛውንት በስልኬ አሳየኋቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፓኬት ነው፤ የመንደራቸውን ስም በጣቴ እያመለከትኩ አነበብኩላቸው። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት።

«ስንት ኪሎ ነው?»

«ሩብ ኪሎ ነው፣ አባባ።»

ዝም ብለው አሰሉ። ስድስት ኪሎ እሸት ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና፤ ሲቆላ ደግሞ ይቀልላል። ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

«ሁለት ኪሎ እሸት ናት» አሉ። ስልኩን መለሱልኝና ከኋላዬ ወዳለው ሚዛን በአገጫቸው እያመለከቱ፦ «በዚህኛው ሁለት እንዲባል ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ማምጣት አለብኝ።»

አለቃዬ ሳቀ። እኔ መዝገቤን ገለጥኩ።