እንዶድ፤ ፍሬው ሌላ፣ ቅጠሉ ሌላ

«እንዶድ መድኃኒት ነው» ሲባል የሚከራከር ሰው ብዙም አይገኝም። የትኛው ክፍሉ? ጥሬውን ነው ወይስ በስሎ ሲለቀም? ለምን ሕመም? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ግን አባባሉ ጎዶሎ ነው። አንድ ተክል ሥሩ፣ ቅጠሉና ፍሬው ውስጥ የሚያከማቸው ኬሚካል በዓይነትም በመጠንም ይለያያል። ይህን ልማዳችንም ያውቀዋል። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ለማጠብ የሚለቅሙት ፍሬውን ነበር እንጂ ሥሩን አይቆፍሩም። (ኮሶም ቢሆን የሚጠጣው አበባው ነው፤ ያውም የሴቴዋ ዛፍ።) የእንዶድን አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው የኬሚካል ቤተሰብ ሲሆን፣ በብዛት የሚገኘውም ፍሬው ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውሃው ላይ አዩ። ነገሩ ትልቅ ነበር፤ የቢልሃርዝያ ትል ከሰው ወደ ሰው ለመሸጋገር የግድ በቀንድ አውጣ ውስጥ ማለፍ አለበትና። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ቆይቶ በዚያው በአድዋ ወንዞቹ ለአምስት ዓመታት በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከፍሬው የተለየው ገዳይ ንጥረ ነገርም በተመራማሪው ስም ሌማቶክሲን ተባለ።

ይሁን እንጂ «ኃይሉ ፍሬው ውስጥ ነው» ብሎ መዝጋትም አይቻልም። ቀንድ አውጣ ለመግደል አድጎ ገና ያልቀላው አረንጓዴ ፍሬ ከበሰለው ይበልጣል። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ያልተነካው ፍሬ ገዳዩን ነገር በተዘጋጀ መልክ አለመያዙ ነው። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒኑ ኦሊአኖሊክ አሲድ በሚባል እምብርት ግራና ቀኝ የስኳር ሰንሰለት ተያይዞበት ይቀመጣል፤ በዚህ መልኩ ቀንድ አውጣን እምብዛም አይጎዳም። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳዩ ሞለኪውል የሚወለደው ያን ጊዜ ነው። ያንኑ ፍሬ በውሃ ፋንታ በሜታኖል ያወጣ ኬሚስት ቀንድ አውጣውን የማይገድል ፈሳሽ ሊያገኝ ይችላል። ወቅጦ በውሃ መዘፍዘፍ እንግዲህ ራሱ የኬሚስትሪው አካል ነው።

«የባህል ሐኪሞች ቅጠሉንም ሥሩንም ሲሰጡ ኖረዋል፤ ላቦራቶሪ ካልመሰከረ አናምንም ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ልምድ ውጤቱ ቶሎ በሚታይበት ነገር ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ልብሱ መንጣቱ እዚያው ወንዝ ዳር ይታያል። የተጠጣ ሥር በሰውነት ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ግን እንዲህ ፊት ለፊት አይታይም፤ የሚሞተውም ሰው በሕመሙ እንደሞተ ይቆጠራል። ስለ ሳሙናነቱ የተከማቸውን እውቀት ወደ ሆድ ማሻገር ተገቢ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣውን ከገደለ በሆድ ውስጥ ትሉን ለምን አይገድልም? ሳፖኒን የሚያጠቃው በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለውን ኮሌስትሮል ነው፤ ሽፋኑን ይበሳዋል። የሰው ቀይ የደም ሕዋስም እንዲህ ያለ ሽፋን አለው። የቢልሃርዝያ ትል የሚኖረው ደግሞ በደም ሥር ውስጥ ነው፤ ሳፖኒኑ እዚያ እስኪደርስ ድረስ መጀመሪያ የሚያገኘው የበሽተኛውን ደም ነው። ለታማሚው የሚሰጠው መድኃኒት እንዶድ ሳይሆን ፕራዚኳንተል ነው። እንዶድ በወንዙ ውስጥም ቢሆን ዓሣ ስለሚገድል የሚጨመረው በልክ ነው።