በዲመካ አሸዋ ውስጥ ያለው ውሃ የማን ነው?

ማክሰኞ ወይም ቅዳሜ በሐመር ወረዳ ዲመካ ገበያ የሚወጣ ሰው መንገዱን የሚያቋርጡትን ደረቅ ወንዞች ያውቃቸዋል። በበጋ ሴቶች አሸዋውን በእጃቸው ይቆፍራሉ፤ ውሃ ሲያቆር በቅል እየጨለፉ ጀሪካን ይሞላሉ፣ ከብትም ያጠጣሉ። ለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? አያስፈልግም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድንና ባህላዊ የከብት እርባታን ግን ከፈቃድ ነፃ አድርጓል። ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃም ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ይቀድማል።

ወደ መሬቱ ስንመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሩ የግጦሽና የእርሻ መሬት በነፃ የማግኘት፣ ከመሬቱም ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። ጥሩ። ነገር ግን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 መንግሥት የመሬቱ ባለቤት እንደመሆኑ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ መለወጥ ይችላል የሚል ድንጋጌ ነበረው። «አስፈላጊነቱን» ማን ይመዝናል? በእኔ እይታ የሐመር ከብት አርቢን የሚያሰጋው ይህን መሰሉ ልቅ ሐረግ ነው።

አዋጁ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ስለ ወል መሬት ስትከራከሩ የድሮውን እየጠቀሳችሁ እንዳትሸነፉ። የግጦሹን ወሰንና የከብት ማጠጫውን ከሽማግሌዎች ጋር ዞራችሁ በጽሑፍ አስፍራችሁ ለወረዳው አመልክቱ፤ ወረዳው ማመልከቻችሁን ሲቀበል ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ።