የሰንበት ሕግና የጦር ሰፈር
በአይሁድ ወታደሮች ዘንድ ስላለው የሃይማኖት ሥርዓት አጠባበቅ

በውትድርና ያለ ሰው ጊዜው፣ ምግቡና ልብሱ የራሱ አይደሉም። መቼ እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚበላ፣ ወዴት እንደሚዘምት የሚወስንለት አዛዡ ነው። የአይሁድ ሃይማኖት ደግሞ ትእዛዙን የሚያሳርፈው ከሁሉ ይልቅ በእነዚሁ ነገሮች ላይ ነው፤ ይኸውም በዕለት፣ በማዕድና በሰውነት ንጽሕና ላይ ነው። ስለዚህ አይሁዳዊው ወታደር ሁለት አዛዦች አሉት ማለት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ትእዛዛት በታሪክ እንዴት እንደ ተጋጩና እንዴት እንደ ተስማሙ፣ በተለይ የሰንበትን ነገር መሠረት በማድረግ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የነገሩን ሥር ለመመልከት ኢትዮጵያዊው አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። መጽሐፈ ኩፋሌ መጀመሪያ በዕብራይስጥ የተጻፈ ሲሆን፣ ከዕብራይስጡ የተገኘው በቁምራን ዋሻዎች የነበረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ ሙሉ ቃሉን ጠብቆ ያቆየው ግእዝ ነው። ይህ መጽሐፍ በመጨረሻው፣ በሃምሳኛው ምዕራፍ፣ በሰንበት የተከለከሉትን ሥራዎች ሲቆጥር ከማረስ፣ መንገድ ከመሄድና እሳት ከማንደድ ጋር መዋጋትንም አብሮ ይቆጥራል፤ ቅጣቱም ሞት ነው። በማጥቃትና በመከላከል መካከል ልዩነት አያደርግም። መጽሐፉ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ብዙዎቹ ሊቃውንት ይቀበላሉ።

በዚያው መቶ ዓመት ግን ተቃራኒው ውሳኔ ተወሰነ። በግሪክ ቋንቋ የደረሰን አንደኛው መጽሐፈ መቃብያን (ይህ መጽሐፍ ከእኛ መጽሐፈ መቃብያን ጋር በስም እንጂ በታሪክ አንድ አይደለም) እንደሚተርከው፣ በንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ ስደት ጊዜ፣ በ167 ዓመተ ዓለም ገደማ፣ ወደ ምድረ በዳ የሸሹ አይሁድ በሰንበት ቀን አደጋ ሲጣልባቸው አንዲት ድንጋይ እንኳ ሳይወረውሩ ከሴቶችና ከልጆች ጋር አንድ ሺህ ያህል ነፍስ ሆነው አለቁ። ይህን የሰማው ካህኑ ማታትያስና ወዳጆቹ ከእንግዲህ በሰንበት የመጣብንን በሰንበት እንዋጋዋለን ብለው ተስማሙ። የሰንበት ሕግ ተሻረ አላሉም፤ የተፈቀደውም መከላከል ብቻ ነበር። የዚህ ፈቃድ ጠባብነት ከመቶ ዓመት በኋላ በግልጽ ታየ። ሮማዊው የጦር አለቃ ፖምፔዮስ በ63 ዓመተ ዓለም ኢየሩሳሌምን በከበበ ጊዜ፣ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ እንደሚነግረን፣ አይሁድ በሰንበት ፊት ለፊት የሚመጣባቸውን ይመልሱ ነበር እንጂ የአፈር ድልድል የሚሠራውን ጠላት አይነኩትም ነበር። ሮማውያንም ይህን ዐውቀው በሰንበት ቀኖች ሳይወጉ ድልድሉን ብቻ ከፍ አደረጉ፤ ከተማይቱም ተያዘች።

ከዚህ በኋላ የመጡት የሕግ መምህራን የሠሩት ሥራ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጦር ታሪኩ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነው። በሚሽና፣ ዔሩቪን በተባለው ክፍል፣ በሰፈር ያለ ወታደር ከአራት ነገሮች ነጻ እንደሚሆን ተጽፏል፦ እንጨት ካገኘበት ስፍራ ማምጣት ይችላል፤ ከምግብ በፊት እጁን የመታጠብ ግዴታ የለበትም፤ አሥራቱ መውጣቱ የሚያጠራጥረውን እህል መብላት ይችላል፤ በሰንበት ከድንኳን ወደ ድንኳን ዕቃ ለማሳለፍ ጎረቤቶች የሚያደርጉትን የማዕድ ማስተባበር ማድረግ አያስፈልገውም። አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው፣ ፈቃዱ እንደ ምሕረት ሳይሆን እንደ ሕግ ተቈጥሮና ተወስኖ መጻፉን ነው። ታልሙድም ከተማ የከበበው ጠላት የመጣው ለገንዘብ ከሆነ ሰንበት እንደማይሻርለት፣ ለነፍስ ከሆነ ግን መሣሪያ ተይዞ እንደሚወጣበት ይናገራል፤ የጠረፍ ከተማ እንደ ሆነ ግን ጠላቱ የመጣው ለገለባና ለጭድ ቢሆንም እንኳ ይዋጉታል፤ ጠረፍ ከተያዘ አገሩ ሁሉ ይከፈታልና። ደግሞ በመጀመሪያ ጊዜ ከሰንበት ውጊያ የተመለሱ ሰዎች መሣሪያቸውን በቅጥሩ አጠገብ ባለው ቤት ያኖሩ ነበር ይላል። አንድ ጊዜ ጠላት ተመልሶ ቢመጣባቸው ሁሉም ወደ መሣሪያው ሲጋፉ እርስ በርሳቸው የተገዳደሉት ጠላት ከገደለው በለጠ። ከዚያ ወዲህ ተዋጊው በሰንበት መሣሪያውን እንደ ያዘ ወደ ስፍራው እንዲመለስ ተፈቀደ። ዛሬ በእስራኤል በሰንበት ጠመንጃ ተሸክሞ ወደ ጸሎት ቤት የሚገባ ወታደር ይታያል፤ ነገሩ ለእንግዳ ቢያስገርምም ሥሩ ይህን ያህል ጥንታዊ ነው።

ይህ ሁሉ ሕግ አዛዡም ወታደሩም አይሁዳዊ በሆነበት ሰፈር ላይ የታሰበ ነው። የባዕድ መንግሥት ወታደር የሆነው አይሁዳዊ ነገር ሌላ ነው። ሮማዊው ገዥ ዶላቤላ በ43 ዓመተ ዓለም ወደ ኤፌሶን በላከው ደብዳቤ የእስያ አይሁድ ከውትድርና ነጻ እንዲሆኑ ሲፈቅድ የሰጠው ምክንያት በሰንበት መሣሪያ መሸከምና መንገድ መሄድ እንደማይችሉና እንደ አባቶቻቸው ሥርዓት የሆነ ምግብ እንደማያገኙ ነው። የዛሬው ወታደር የሚቸገርባቸውን ነገሮች ማለት ይቻላል፣ ያ ደብዳቤ ዘርዝሯቸዋል። የሩስያው ንጉሥ ኒቆላዎስ አንደኛ ግን በ1827 አይሁድን ወደ ውትድርና ሲያስገባ እንዲህ ያለ ርኅራኄ አላደረገም። የአገልግሎቱ ዘመን 25 ዓመት ሲሆን፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች «ካንቶኒስት» ተብለው እየተወሰዱ ክርስትና እንዲነሡ ይገደዱ ነበር፤ ይህም እስከ 1856 ቈየ። በ1874 አገልግሎቱ አጥሮ ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን የውትድርና ሕግ ከወጣ በኋላ፣ ረቢ እስራኤል ሜኢር ካጋን በ1881 «ማሐኔ ይስራኤል» ማለት «የእስራኤል ሰፈር» የተባለውን መጽሐፍ በሩስያ ጦር ላሉ አይሁድ አሳተሙ። መጽሐፉ ማን ይዘምት፣ መቼ ይዘመት አይልም፤ ትእዛዙን መምረጥ የማይችለው ተራ ወታደር ከሕጉ ምን ያህሉን ሊያድን እንደሚችል ያስተምራል እንጂ።

በአሜሪካ ደግሞ ክርክሩ በሰንበት ላይ ሳይሆን በካህን ላይ ተነሣ። በ1861 የወጣው ሕግ የሠራዊት ካህን ከክርስቲያን ማኅበር እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ ከብዙ አቤቱታ በኋላ በሐምሌ 1862 ተሻሽሎ፣ የፊላደልፊያው ያዕቆብ ፍራንክል በዚያው ዓመት የመጀመሪያው አይሁዳዊ የሠራዊት ካህን ሆኖ ተሾመ። በዚያው የርስ በርስ ጦርነት የ23ኛው የኦሃዮ ክፍለ ጦር አይሁድ በ1862 በምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ የፋሲካን ማዕድ አዘጋጁ፤ ከመካከላቸው ጆኤል የተባለው ወታደር በኋላ ጽፎታል። ቂጣው ከሲንሲናቲ መጣላቸው፤ በወይን ጠጅ ፈንታ የፖም ጠጅ አቀረቡ፤ ለመራራው ቅጠል የዱር ሣር ለቀሙ፤ አባቶቻቸው በግብፅ የረገጡትን ጭቃ የሚያስታውሰውን ከፍሬ የሚሠራ ለውስ ስላላገኙ በገበታው ላይ ጡብ አኖሩ። ለሥርዓት አጥኚ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም፤ ምግቡ ቢታጣም የምግቡ ትርጓሜ አልታጣምና። የልብሱ ነገር ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አላለቀም ነበር። የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1986 ጎልድማን የተባለው የአየር ኃይል መኰንን በሥራ ላይ ሳለ የጸሎት ቆቡን የመድፋት መብት የለውም ብሎ ፈረደ፤ ምክር ቤቱ በማግሥቱ ዓመት በሕግ ፈቀደ።

የእስራኤል መንግሥት በ1948 ሲቆም ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። ከእንግዲህ የሚጠየቀው ወታደሩ ምን ያህል ሊያድን ይችላል የሚለው ሳይሆን፣ አዛዡ ምን ሊያዝ ይገባዋል የሚለው ሆነ። የሠራዊቱ የመጀመሪያ ዋና ረቢ ሽሎሞ ጎሬን ሃይማኖተኞቹ ተለይተው በአንድ ክፍል እንዲሰፍሩ አልፈለጉም። ይልቁንም የወጥ ቤቱ ሁሉ ምግብ ኮሸር፣ ማለት እንደ ሕጉ ንጹሕ እንዲሆን፣ ሥጋና ወተት እንዲለያዩ፣ በፋሲካ እርሾ ከየሰፈሩ እንዲወጣ ተደረገ፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡትም በአንድነት እንዲጸልዩ አንድ የተባበረ የጸሎት መጽሐፍ አዘጋጁ። በሰንበትም የሚፈቀደው ለጸጥታ ግድ የሆነው ሥራ ብቻ ነው። እንግዲህ «ግድ የሆነው» የትኛው ነው? ጥበቃው ግልጽ ነው፤ የጥበቃውን መኪና ማጠብ ግን አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ ለሠራዊቱ ረቢዎች የዘወትር ሥራ ሆነ። ጥቅምት 6 ቀን 1973፣ ቤተ እስራኤል አስተስርዮ በሚሉት የማስተስረያ ቀን፣ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም፤ ነፍስን ማዳን ሰንበትን ይሽራልና ሰዎች ከጸሎት ቤት እየተጠሩ፣ ጾማቸውን እየፈቱ ወደ ግንባር ወጡ።

ይህ ስምምነት ሁሉን አላረካም። ሐሬዲም የተባሉት ጥብቅ ሃይማኖተኞች ለሕግ ተማሪዎቻቸው ከ1948 ጀምሮ ከውትድርና ነጻ የመሆን ፈቃድ አግኝተው ነበር፤ የመጀመሪያው ፈቃድ ለ400 ያህል ተማሪዎች ነበረ፤ ቍጥራቸው ግን በብዙ እጥፍ አደገ። በሰኔ 2024 የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለዚህ ነጻነት የሕግ መሠረት እንደሌለ ፈረደ፤ ክርክሩም በርትቶ ቀጠለ።

ከኢትዮጵያ የሄዱት የቤተ እስራኤል ነገር ከሁለቱም ወገን ይለያል። በጎንደር ዘመን ከእነርሱ መካከል ከግንበኝነትና ከአናጢነት ጋር በወታደርነት ነገሥታቱን ያገለገሉ ነበሩ። ሕጋቸው ግን ኦሪትና ኩፋሌን የመሰሉ የግእዝ መጻሕፍት ናቸው እንጂ ታልሙድን አያውቁም ነበር፤ ከላይ የተቈጠሩት የመምህራን ፈቃዶችም በእጃቸው አልነበሩም። በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች እስራኤል ሲገቡ ልጆቻቸው የገቡበት ሠራዊት በእነዚያ ፈቃዶች የቆመ ነው። ልዩነቱ ከሰንበት ይልቅ በሬሳ ነገር ይብሳል። ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 31 ሰው የገደለና ሬሳ የነካ ዘማች ሁሉ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን እንዲነጻ ያዝዛል። በቤተ እስራኤል መንደር ሬሳ የነካ ሰው ሰባቱን ቀን ከመንደሩ ተለይቶ፣ በመጨረሻ በወንዝ ታጥቦ ይገባ ነበር። በረቢዎቹ ሕግ ግን የመንጻቱ አመድ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ ስለ ታጣ ሥርዓቱ ቆሟል፤ ከሬሳ የሚርቀው ከካህናት ወገን የተወለደው ብቻ ነው። ከውጊያ የተመለሰው የጎንደር ቄስ ልጅ በሠራዊቱ ሕግ ዕለቱን ከጓደኞቹ ጋር ይበላል፤ በአባቱ ሕግ ግን ገና ሰባት ቀን ከደጅ ይቆያል።