የድሮን ገላ ስንጥቅ፦ ከየት ይመጣል? መቼስ ይጠገናል?

በዚህ እትም የጥገና ዓምዳችን ይዞ የቀረበው ከካርታ ክፍል ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚቀርብልንን ጥያቄ ነው። «ድሮኗ ወድቃ አታውቅም፣ ከምንም ጋር አልተጋጨችም፤ ታዲያ ክንዷ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ከየት መጣ? አሁንስ ትብረር ወይስ ትቀመጥ?» ይላሉ።

ጥያቄው እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ዝናብ ከመግባቱ በፊት የታራችን ደረቅ ወንዝ ዳርቻ ከላይ ፎቶ ማንሳት አለብን፣ ድሮኗ ደግሞ አንዲት ናት። በሌላ በኩል ፋንተም 3 የሚባለው ሞዴል ፕሮፌሽናል የተባለው ዓይነት 1.28 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን የምታህል ዕቃ በ20 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ክንዷ ቢገነጠል፣ የአየሩን መጎተት ትተን ብናሰላው፣ መሬት ስትደርስ ፍጥነቷ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ካኩማ ውስጥ ደግሞ ድሮን ተነሥታ ከሥሯ ልጆች የማይሰበሰቡበት ቀን የለም። ስለዚህ መልሱን «ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉባትና ትብረር» ብለን ልንዘጋው አንችልም።

ሳይመታ ለምን ይሰነጠቃል?

አብዛኛውን ጊዜ ለገበያ የሚቀርቡ ድሮኖች ገላ ኤቢኤስ፣ ፖሊካርቦኔት ወይም የሁለቱ ድብልቅ ከሆነ ፕላስቲክ ይሠራል። ፕላስቲኩ ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ይገባና ይቀዘቅዛል። ጣጣው የሚጀምረው እዚሁ ነው። ብረቱን የነካው የውጪው ክፍል ቶሎ ይጠጥራል፣ መሐሉ ግን ገና ትኩስ ነው። መሐሉ ኋላ ላይ ቀዝቅዞ ልኮማተር ሲል የጠጠረው ውጪ አልለቅም ይለዋል፣ እንደተሳሳቡም ይቀራሉ። ዕቃው ከካርቶኑ ሲወጣ ለዓይን ጤነኛ ቢመስልም ውስጡ ውጥረት ይዞ ነው የሚመጣው።

ሌላም አለ። የቀለጠው ፕላስቲክ የብሎን ቀዳዳ የሚሆነው ቦታ ላይ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ይዞርና ከወዲያ በኩል እንደገና ይገናኛል። በዚያን ጊዜ ትንሽ ስለቀዘቀዘ በደንብ አይዋሃድም፤ የመገናኛው መስመር ከሌላው ቦታ ይልቅ ደካማ ነው። ከብሎን ቀዳዳ የሚነሣ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ይህንኑ መስመር ይዞ ነው።

በዚህ ላይ ብሎኑ ይጠብቃል። ብረት ሲሆን ብሎን በኃይል ማጥበቅ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ፕላስቲክ ግን ቀንና ሌሊት የማያባራ ጭነት አይወድም። ዛሬ ቻለ ማለት የዛሬ ስድስት ወር ይችላል ማለት አይደለም። ሞተሩ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በደቂቃ 6,000 ጊዜ ይሽከረከራል ብንል በሴኮንድ 100 ጊዜ ነው፤ የ20 ደቂቃ በረራ ብቻ 120,000 ዙር ይሆናል። ጫፉ የተላጠ ፕሮፔለር ከተገጠመ እያንዳንዱ ዙር ክንዱን ትንሽ ይነቀንቃል። ፀሐዩንም አትርሱ። እዚህ አገር ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ፕላስቲክ ምን እንደሚሆን የምናውቀው ነው፤ ለብዙ ጊዜ ፀሐይ የመታውም ይደርቅና ይሰባበራል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን ፈሳሹን ነው። ብሎን በንዝረት እንዳይፈታ የሚቀባ ማጣበቂያ አለ፣ ሎክታይት በሚለው ስም የሚታወቀው ዓይነት። ይሄ ፈሳሽ የተዘጋጀው ለብረት ከብረት ጋር ነው። የተወጠረ ፖሊካርቦኔት ወይም ኤቢኤስ ላይ ሲፈስ ውስጥ ለውስጥ ገብቶ ፕላስቲኩን ያሰነጥቀዋል፤ የአምራቾቹ መመሪያ ራሱ ፕላስቲክ ላይ ጥንቃቄ እንዲደረግ ያሳስባል። «ብሎኑ እንዳይፈታ» ተብሎ የተቀባው ጠብታ ክንዱን ይቆርጠዋል ማለት ነው። ቤንዚን፣ ቲነር፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ያው ናቸው። ድሮን በቤንዚን የሚወለውል ሰው ካያችሁ ጨርቁን ቀሙት።

ይህ የአንድ ክፍል ወይም የአንድ ድሮን ችግር እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ፋንተም እ.ኤ.አ. በ2013 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ በተለያዩ የፋንተም ሞዴሎች ነጭ ገላ ላይ፣ በተለይ በሞተሩ ሥርና በብሎኖቹ ዙሪያ፣ በየአገሩ ያሉ ባለቤቶች ይህንኑ የመሰለ ስንጥቅ ሲያሳዩ ኖረዋል።

ትንሽ ስሌት

የስንጥቅ ክፋቱ ርዝመቱ ብቻ አይደለም፣ የጫፉ ሹልነት ነው። ኢንግሊስ የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1913 ይህን በሒሳብ አሳይቷል። ሕጉ ሲቀል እንዲህ ነው፦ የስንጥቁን ርዝመት ለጫፉ ሬዲየስ አካፍሉ፣ የካሬ ሥሩን አውጡ፣ በ2 አባዙ፣ 1 ደምሩ። የምታገኙት ቁጥር ጫፉ ላይ ያለው ጫና ከሌላው ቦታ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ከጠርዝ ተነሥቶ 9 ሚሊ ሜትር የሄደ፣ የጫፉ ሬዲየስ 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነ ስንጥቅ እንውሰድ። 9 ለ0.01 ሲካፈል 900፣ ሥሩ 30፣ በ2 ሲባዛ 60፣ ሲደመር 61። ስልሳ አንድ እጥፍ! አሁን ጫፉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ብንበሳ ሬዲየሱ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 9 ለ1 ሲካፈል 9፣ ሥሩ 3፣ በ2 ሲባዛ 6፣ ሲደመር 7። (ቀዳዳው ስንጥቁን በጥቂቱ ያስረዝመዋል፣ ፕላስቲክም እስከ 61 ሳይደርስ ጫፉ ላይ ትንሽ ይለጠጣል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ልዩነት ነው።) የድሮን ጠጋኝ በስንጥቅ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ሲበሳ አይታችሁ «ይሄ ሰውዬ ጭራሽ ሊያበላሸው ነው እንዴ?» ብላችሁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ የመንገደኞች ጄት እ.ኤ.አ. በ1954 በጥር እና በሚያዝያ ወር ሁለት ጊዜ አየር ላይ ተበታትኖ የተሳፈሩት ሁሉ አልቀዋል። ፋርንቦሮ በሚባለው የምርምር ጣቢያ አንድ ኮሜት ውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ግፊቱን ደጋግመው ሲጨምሩና ሲቀንሱ፣ ገላው የተቀደደው ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ነበር። ያ ብረት ነው፣ የእኛ ፕላስቲክ፤ ስንጥቅ ግን በሁለቱም የሚጀምረው ከማዕዘንና ከቀዳዳ ነው።

እንዴት ይገኛል?

መጀመሪያ ባትሪው ይውጣ፣ ፕሮፔለሮቹ ይፈቱ። ይህን ሳታደርጉ ሞተር አካባቢ እጃችሁን እንዳትሰዱ። ገላውን ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ከአቧራ አጽዱ፤ የካኩማ አቧራ ስንጥቅም ይደብቃል፣ የሌለውንም ስንጥቅ ያስመስላል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ የእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት። ከፊት ለፊት የበራ ብርሃን ምንም አያሳይም። ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ አቋርጣችሁ ጎትቱ፤ ክንዱን በሁለት ጣት በቀስታ ጫን ስትሉት መስመሩ ከፈት ካለ ስንጥቅ ነው፣ ካልተላወሰ ግን ጭረት ሊሆን ይችላል።

ስንጥቁ የሚያልቅበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉ። በእርሳስ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፣ የአንዳንድ ማርከር ቀለም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ራሱ ፕላስቲክ ሊጎዳ ይችላል። ከሁለት ሦስት በረራ በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ጥገናው

ከሁሉ በፊት ምክንያቱ ይነሣ። ብሎኖቹን ፈታ አድርጉና እንደገና በካቻቢቴ ስታጠብቁ በሁለት ጣት ብቻ ያዙ፤ ብሎኑ ተቀምጦ እምቢ ሲል በቃ። የተላጠ ፕሮፔለር ይጣል። ይህ ካልተደረገ የቀረው ሁሉ ድካም ነው፣ አንዱን ስንጥቅ ስትደፍኑ አጠገቡ ሌላ ይወለዳል።

ቀጥሎ ካሜራውን አንሡ፣ የሞተሩን ክፍተት በፕላስተር ሸፍኑ። ሞተሩ ውስጥ ማግኔት ስላለ ከመሰርሰሪያው የሚወጣ ብናኝ ብረት ይስባል። ከስንጥቁ ሥር የሚያልፍ ሽቦ ካለ ወፍራም ወረቀት አስገቡለት። ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን መሰርሰሪያ ጫፉ ላይ አድርጋችሁ በጣታችሁ እያሽከረከራችሁ ብሱ። ትራፓኖ ይፈጥናል፣ ይሞቃል፣ ደግሞም ያመልጣል። ቀዳዳው የስንጥቁን ትክክለኛ ጫፍ መያዝ አለበት፤ ስንጥቁ ዓይን ከሚያየው ትንሽ አልፎ ስለሚሄድ ከሚታየው ጫፍ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀደም ብላችሁ ብትበሱ ይሻላል።

ስለ ሱፐር ግሉ ብዙ ክርክር አለ። ቶሎ ይይዛል፣ ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ። ነገር ግን ሲደርቅ ግትር ስለሚሆን ንዝረት ይሰብረዋል፤ በብዛት ሲፈስ ደግሞ እሱም የተወጠረ ፕላስቲክ ያሰነጥቃል። ትነቱ ካሜራው መስታወት ላይ ነጭ ጭጋግ ይተዋል። ስለዚህ የስንጥቁን ከንፈሮች አገናኝቶ ለመያዝ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ይበቃል፣ ጭነቱን እንዲሸከም ግን አይታመንበትም።

ጭነቱን የሚሸከመው ከውስጥ የሚለጠፈው ነው። የውስጡን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ አሻክሩ፣ ብናኙን ጥረጉ። ሁለት ቱቦ የሆነውን ኢፖክሲ በእኩል አቀላቅሉ፣ ስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ቆርጣችሁ አርሱበትና ስንጥቁን በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር አልፎ እንዲሸፍን አድርጋችሁ ለጥፉ። ብዙ መደረብ ጥንካሬ አይደለም፣ ክብደት ነው፤ አንዱ ክንድ ከሌላው ሲከብድ ያኛው ሞተር ሁልጊዜ እየለፋ ይበራል። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ እንዳይደፈን። ከዚያ 24 ሰዓት አትንኩት። «አምስት ደቂቃ» የሚል የተጻፈበትም ቢሆን አምስት ደቂቃው የሚይዝበት እንጂ ሙሉ ጥንካሬ የሚያገኝበት ጊዜ አይደለም።

የገበያው ፉንዲዎች ባልዲ ሲጠግኑ ሽቦ አግለው ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀብራሉ። ዘዴው ጥሩ ነው፣ ለባልዲ። ድሮን ላይ ግን የብረት ሽቦ ኮምፓሷን ያሳስታታል፤ የግድ ከሆነ መዳብ ይሁን።

የማይጠገነውስ?

ስንጥቁ ከአንዱ የሞተር ብሎን ቀዳዳ ወደ ሌላው ከደረሰ፣ ክንዱን ዙሪያውን ከያዘው፣ ወይም ሞተሩ ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ያ ገላ አይበርም። ይለወጥ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ገላ መለወጥ ማለት የሞተሮቹን ሽቦ ፈትቶ እንደገና መበየድ ስለሆነ፣ መበየድ በደንብ የሚችል ሰው ይሥራው። ገንዘቡ እስኪገኝ ድሮኗ መደርደሪያ ላይ ትቀመጥ፣ የታራችን ዳርቻ በእግርና በሜትር እንለካለን፤ ካርታ ድሮን ሳይፈጠርም ይሠራ ነበር።

የተጠገነችው መጀመሪያ ስትነሣ ሰው በሌለበት ሜዳ ከአንድ ሁለት ሜትር ከፍታ አትለፍ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆማ ትውረድ፣ ምልክቱ ይታይ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር በረራዎች እያንዳንዱ ሲያልቅ ይታይ፣ መዝገቡ ላይም ይጻፍ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሰው አልባ አውሮፕላን ደንብ ሥራውን በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሥር አድርጎታል፤ ፈቃዱ ላይ የፈረመ ሰው ድሮኗ ተጠግና እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል።

በመጨረሻም «ይሄው ኢፖክሲ ለውኃ ጀሪካን ይሆናል ወይ?» ላላችሁን እናቶች፦ አይሆንም። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢቲሊን ማጣበቂያ አይዝም፣ በሁለተኛው ቀን ይላጣል። ከአሮጌ ጀሪካን ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ በጋለ ብረት ቁራጩንም የተሰነጠቀውንም አብራችሁ አቅልጡና ይዋሃዱ። ጭሱን አትተንፍሱት፣ ደጅ ሆናችሁ ሥሩ።