ምላጭሽ የግልሽ ይሁን!

ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ከሚነዱ ሴት ተማሪዎች ጋር ስወያይ «የብልት አካባቢ ፀጉር ካልተላጨ አይመችም እንዴ?» ይሉኛል። እህቶቼ፣ መላጨት ግዴታ አይደለም። ፀጉሩ ቆዳን ከፍትጊያ ይከላከላል። በምላጭ ሲላጩ ግን ቆዳው ይጫጫራል፤ ላብና የብስክሌቱ መቀመጫ ፍትጊያ ሲጨመርበት ያቃጥላል፣ ሽፍታም ያወጣል። ማሳጠር ከፈለግሽ በንጹሕ መቀስ መከርከም ይሻላል። ከተላጨሽም ቆዳሽ እስኪያገግም አንድ ሁለት ቀን ብስክሌቱን ተይው።

ከሁሉም በላይ ምላጭ አትዋዋሱ! ደም የነካው ምላጭ ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስማ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ደሙ በዓይን ባይታይም እንኳ። ስለዚህ ለጓደኛሽ «ምላጬን አላውስሽም» ማለት ንፉግነት አይደለም፤ ለሷም ማሰብ ነው።