ወፍጮ፣ ኩራዝና እንስራ

"እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው?" የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ የሚወጣን እንግዳ የምንወቅስበት ነው። ልጆቻችን ግን ከየት እንደመጣ አያውቁም። ባለፈው ሰሞን ልጄ ጠየቀኝ፤ እሱን ሳስረዳ የልጅነቴ ቤት ትዝ አለኝ።

ያኔ ክብሪት ይቆጠብ ነበር። ማታ እሳቱ በአመድ ይዳፈናል፣ ጠዋት ይቆሰቆሳል። ከጠፋ ልጅ ገል ይዞ ጎረቤት ይላካል። ፍሙ ሳይከስም መመለስ ስላለበት ቁጭ ብሎ ወሬ የለም። አባባሉም ከዚህ የመጣ ነው።

እናቴ በዶሮ ጩኸት ተነስታ ወፍጮው ላይ ትንበረከካለች። የመጁ ድምፅና የእሷ እንጉርጉሮ ለእኛ ማስተኛ ነበር። ማታ በኩራዝ ዙሪያ ተሰብስበን "እንቆቅልሽ" ስንባባል እናመሻለን። ኩራዟ ከአሮጌ ጣሳ የተሠራች፣ ክሯ ከጨርቅ የተገመደ ነበረች። ጠዋት ስንነሳ የሁላችንም አፍንጫ ጥላሸት ነው፤ አንዳችን በሌላው እንስቃለን።

"ደጉ ዘመን" እንላለን። ደግነቱ ግን ለማን ነበር? እኔ ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት ስሄድ ታላቅ እህቴ እንስራ አዝላ ወንዝ ትወርድ ነበር። እኔ ፊደል ቆጠርኩ፣ እሷ አልቆጠረችም። ዛሬም ደብዳቤ ሲደርሳት የሚያነብላት ሰው ትፈልጋለች። የእናቴም ዓይን በጭስ ተጎድቶ ነው ያረጀችው።

ስደት ብዙዎቻችንን ወደዚያው ኑሮ መለሰን። በ1977ቱ ረሃብ ወገኖቻችንን ያስጠለለው ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ዳግም ሲከፈት፣ ከመጡት መካከል በኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋግሩ የኖሩ የከተማ ሰዎች ነበሩ። በአንድ ጊዜ ሦስት ጉልቻ ላይ ወደቁ። ያን ጊዜ የእናቶች እውቀት ተፈለገ። ርጥብ እንጨት እንዴት እንደሚያያዝ፣ እሳት እንዴት እንደሚዳፈን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ከገዳሪፍ ሰዎችም የተማርነው አለ። የሸክላ ጋናቸው "ዚር" ያለ ፍሪጅ ውሃ ያቀዘቅዛል። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ቀስ እያለ ወዝቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ዚሩን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማስቀመጥ፣ መክደን፣ እጅ ሳይነክሩ እጀታ ባለው መቅጃ መቅዳት ነው።

ከዱሮው የማይመለስ ይሁን የምንለው ደግሞ ጭሱና ሸክሙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። በአገራችን በ1980ዎቹ የተሠራው "ምርጥ" የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ምድጃው ባይገኝ እንኳ እሳቱን በጭቃ መከለል፣ እንጨቱን ማድረቅና ከተቻለ ከመኝታ ቤት ውጪ ማብሰል ይጠቅማል። ኩራዝም በሣር ጎጆ ውስጥ ሳይጠፋ አይታደርበት።

ውሃውስ? አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በዓለም አቀፉ የእርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልጋል። አምስት ሰው ላለበት ቤት 75 ሊትር፣ ማለትም አራት ጀሪካን ገደማ ነው። ይህ ሁሉ በአንዲት ልጅ ጀርባ መሆን አለበት? ወንዶች ልጆችስ እጅ የላቸውም? እንጨት ለቀማም ቢሆን ሴቶች ለብቻ ባይሄዱ፣ በቡድን ቢሆን፣ ወንዶችም ቢያግዙ ይሻላል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ እናቶቻችን ያለፈውን ያጫውቱን። ተረቱና እንቆቅልሹ ለልጆች ይድረስ። እንስራው ግን የሴት ልጅን ደብተር ዳግመኛ አይንጠቃት። እኔም ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ጀሪካኑን ከልጄ ጋር ተራ ገብተን መቅዳት ጀምረናል።