ቢጫው ምኒልክ ወርቅ ነው?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የአያት ሣጥን ሲከፈት፣ ከቆዩ ወረቀቶች ሥር የምኒልክ ብር ወይም ጠገራ ብር ቢገኝ ብዙም አይገርምም። ቤቱን የሚያሞቀው ሳንቲሙ ቢጫ ሆኖ ሲገኝ ነው። «ወርቅ ነው!» ይባላል፤ ደላላም ይጠራል። ወዳጆቼ፣ ደላላው ሳይደርስ እስቲ ሳንቲሙን እኛው እንመርምረው። ትንሽ የወርቅ ቤት ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ክርና የስልክ ካሜራ ካለን ብዙ ነገር ማወቅ እንችላለን።

አስቀድመን ግን ሁለት ጥያቄዎችን እንለይ። ወርቅ ነው ወይ? የዘመኑ ነው ወይ? አንጥረኛው በመፈተኛ ድንጋዩና በአሲዱ የመጀመሪያውን ይመልስልናል። ሁለተኛውን ግን አይመልስም። ዛሬ ከንጹሕ ወርቅ የተሠራ የምኒልክ ሳንቲም ወርቅነቱ እውነት ነው፤ ጥንታዊነቱ ግን ውሸት ነው። በተቃራኒው፣ ወርቅ ያልሆነው ሳንቲማችሁ እውነተኛ የ1887 ዓ.ም. ብር ሊሆን ይችላል።

ከሚዛኑ እንጀምር፤ እኔ ከምርመራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። የምኒልክ አንድ ብር ከጠገራው ጋር እንዲስተካከል ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሁለቱም ክብደታቸው 28 ግራም ገደማ፣ ወርዳቸው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምኒልክ የወርቅ ሳንቲም ግን ሌላ ነው። በ1889 ዓ.ም. የወጣው ሙሉው «ወርቅ» 7 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ግማሹ 3.5፣ ሩቡ 1.75 ግራም ነው። የወርቅ ይዘታቸውም ከመቶ 90 ነው። ስለዚህ መዳፍ ሞልቶ የሚታይ ቢጫ ምኒልክ ሲያጋጥማችሁ ከመደሰታችሁ በፊት መዝኑት። ያን ያህል መጠን ያለው ሳንቲም በእርግጥ ወርቅ ቢሆን ኖሮ ክብደቱ ከ47 ግራም በላይ ይሆን ነበር። ሚዛኑ 28 ካለ በእጃችሁ ያለው ወርቅ የተቀባ ብር ሳይሆን አይቀርም።

ትንሿን ሳንቲም ደግሞ በውሃ እንፈትናት። መጀመሪያ ደረቋን መዝኑና ጻፉ። ቀጥሎ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ከዚያ ሳንቲሟን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡ፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳትነካ። አሁን ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ሳንቲሟ የገፋችው የውሃ ክብደት ነው። 7 ግራም የምትመዝን የምኒልክ ወርቅ 0.40 አካባቢ ታሳያለች። ከናስ የተሠራች ብትሆን ግን ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፣ 0.82 ገደማ፤ ናስ ከወርቅ ስለሚቀልል ለዚያው ክብደት ብዙ ቦታ ይይዛልና። ሳንቲሙ ሳይፋቅ፣ አሲድ ሳይነካው እውነቱ ይወጣል! በማግኔት ግን አትተማመኑ። ማግኔት ብረትን ያጋልጣል እንጂ ናስንም መዳብንም አይስብም። በጥርስ መንከስም ምንም አይጠቅምም፤ እርሳስም ለስላሳ ነው።

ቅብ የሆነ ሳንቲም ራሱን የሚያጋልጠው ከፍ ከፍ ባሉት ቦታዎችና በጠርዙ ላይ ነው። የንጉሡን ጉንጭ፣ የዘውዱን ጫፍ፣ የአንበሳውን ጋማ በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ እዩ። ቢጫው ተፍቆ ከሥሩ ነጭ ከታየ ብር ሊሆን ይችላል፤ ቀይ ከታየ መዳብ። አረንጓዴ ዝገት ካለበትም ከሥሩ ሌላ ማዕድን አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ሜዳውን፣ ማለትም ምስልና ፊደል የሌለበትን ገጽ፣ ተመልከቱ። እውነተኛው ሳንቲም በማተሚያ ተመትቶ የወጣ ስለሆነ የፊደሉ ጠርዝ ስል ነው፤ ሜዳውም ልሙጥ ነው። በቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታዩበታል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም በጠርዙ ዙሪያ የሁለቱ ቅርጾች መገጣጠሚያ መስመር ይታያል።

በዚህ ምርመራ ላይ እኛ ከውጭ ሰብሳቢ የምንበልጥበት ነገር አለ፤ ፊደሉን እናነበዋለን። በፊት ለፊቱ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ»፣ በጀርባው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል መኖር አለበት። የተጣመመ ወይም የጎደለ ፊደል ካያችሁ ጠርጥሩ። ዓመቱንም አንብቡ። ፓሪስ ተመትቶ የመጣው የመጀመሪያው ብር ላይ ያለው ፲፰፻፹፯ ለወላይታ ሰው ተራ ቁጥር አይደለም። በዚያው በ1887 ዓ.ም. ነው የምኒልክ ጦር ወላይታ የዘመተውና የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና የተማረኩት፤ ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴም አብሮ ተጉዞ ያየውን በመጽሐፍ አስፍሯል። ሶዶ ውስጥ ይህን ሳንቲም የያዘ ሰው፣ ብርም ቢሆን፣ የአገሩን ትልቅ ዓመት ይዟል።

የጠገራው ዓመት ግን ዕድሜውን አይናገርም። ምስሏ በጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም ሌሎችም ከተሞች ያንኑ 1780 እየጻፉ መትተውታል። የዛሬ ስልሳ ዓመት የተመታ ሊሆን ይችላል።

«እርሻ ስናርስ ያገኘነው የአክሱም ወርቅ ነው» የሚል ሻጭ ከመጣ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ጥቃቅን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 2.7 ግራም ገደማ፣ የኋለኞቹ ከ1.6 ግራም ብዙም የማይዘሉ፤ ጽሑፋቸውም ከጥቂቶቹ በቀር ግሪክኛ ነው። አሥር ግራም የሚመዝን «የአክሱም ወርቅ» አትግዙ።

ስለ አያያዙ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ አትጠቡት! በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ሳንቲም ያበራል፤ ግን ሜዳው በጥቃቅን ጭረት ይሞላል፣ የመጀመሪያው ገጹም አይመለስም። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበትም ከሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል። በእኔ ዓይን ግን የአያት አንገት ላይ ለዋለ ሳንቲም ያ ብየዳ ታሪኩ ነው፤ አታስነቅሉት። ስትይዙት ጠርዙን ብቻ ያዙ፤ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁም አስቀምጡት።

ከመሬት የወጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ ሊነገር ይገባል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ለዞኑ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አመልክቱ።

የቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ዘመድ ሲሰባሰብ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ከማን ተገኘ? ለምን ተሰጠ? የሰጡትን መልስ ጽፋችሁ ከሳንቲሙ ጋር አስቀምጡ።